ለሰው ባሎች የሰጠሁት ምክር

ሙያዬ ማዋለድ ነው። ወንድ አዋላጅ መኖሩ የሚያስገርማቸው ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ቢቸና ውስጥ ግን ለምደውኛል። እዚያ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ገበያ ስወጣ ልጇን እያሳየች "አንተ እኮ ነህ የተቀበልከው" የምትለኝ ሴት አላጣም። ይህን የማነሣው ልመካ ብዬ አይደለም፤ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ሳላውቅ ያደረግሁት እንዳይመስል ነው። አውቅ ነበር። ከሰፈሬ ወንድ ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ረቡዕ ረቡዕ ነፍሰ ጡሮችን ከነባሎቻቸው ሰብስበን እናስተምራለን። ማስተማሩ የእኔ ድርሻ ነበር። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ፤ ወንዶቹ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል ተክለው፣ ሰው ያየናል ብለው እያፈሩ።

"ወላድ የምትደክመው በምጡ ብቻ አይደለም" እላቸዋለሁ። "ከወለደች በኋላ ልቧም ሊታመም ይችላል። ያለምክንያት ታለቅሳለች። እህል አስጠልቷት ትውላለች። የገዛ ልጇን እንደ ባዕድ ታያለች። ይኼ ቅብጠት አይደለም፣ የእግዜር ቁጣም አይደለም፣ ሕመም ነው። ሐኪም የሚሠራው አለ፤ እናንተ የምትሠሩት ደግሞ አለ። ልጁን ያዙላት። ጨርቁን እጠቡላት። ስትናገር ሳትቆጡ አዳምጧት።"

አፌ ይጣፍጣል ይሉኛል። ጨርሼ ስቀመጥ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይመርቁኝ ነበር።

ባለቤቴ የሞጣ ልጅ ናት። አስተማሪ ናት፤ ተጋብተን ቢቸና ስንገባ እዚያው አንድ ትምህርት ቤት ተዛወረች። በሁለተኛው ዓመት አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ ነውና እናቷ መጥተው ሊያርሷት ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ቅቤውም፣ የአጃ ዱቄቱም ተሰናድቶ። መውለጃዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቷ ከደጃፋቸው ደረጃ ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። የእኔ እናት ቀድማ ሞታለች። እህት የለኝም።

የወለደችው እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ነው። ያዋለደቻት የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት ሴት። እኔ ራስጌዋ ቆሜ እጇን ይዤ ነበር። ሴት ልጅ ተወለደች። አለቀስኩ፣ ሲስተርም ሳቀችብኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ክፉ ባል ነበርኩ ብዬ አላስብም።

አስር ቀን የጎረቤት ሴቶች ተፈራርቀው ገንፎውንም አጥሚቱንም ሠሩላት፣ ልጅቷን አጠቡላት። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ጣጣ ተመለሰ። ቤቱ ለሁለታችን ቀረ። ለሁለታችን ስል ለእሷ ማለቴ ነው።

ልጃችን አልቃሻ ነበረች። ከቀትር በኋላ ጀምራ እኔ ከሥራ እስክገባ ድረስ ታለቅሳለች። በሩን ስከፍት ባለቤቴን ጠዋት በተውኳት ቦታ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ አገኛታለሁ። ፀጉሯ እንደተፈታ፣ ነጠላዋ ወተት እንደነካው። መጀመሪያ ከአፌ የሚወጣው "ምን የሚበላ አለ?" ነበር። ዛሬ ይቺን ጥያቄ ሳስታውስ ብቻዬን ብሆንም ፊቴ ይግላል። ምን እንደምበላ ሳይሆን ምን እንደበላች መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ በሙያዬም፣ በባልነቴም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጅቷን እቀበላት ነበር። አልቅሳ አልቅሳ አልተው ስትለኝ "እናቷን ነው የምትፈልገው" ብዬ እመልሳታለሁ። ቆይቶ መቀበሉንም ተውኩት። ከዚያ የባሰውን አደረግሁ። አንድ የሥራ ጓደኛችን ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ ብሎ ተረኛነቱን የሚይዝለት ሲፈልግ "እኔ አለሁ" አልኩት። በሳምንቱ የሌላውን እሑድ ያዝኩ። የበዓሉንም ቀን ጠይቄ ወሰድኩ። ለባለቤቴ የምነግራት "ተራው ደረሰብኝ" ብዬ ነው። አልደረሰብኝም፤ ለምኜ ነው የያዝኩት። ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ እናቱ ታቅፋው ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ እኔም እጄን ታጥቤ ሻይ እጠጣለሁ።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ልወጣ ሸሚዜን እየቆለፍኩ ነው። ልጅቷ ጡቷ ላይ ናት። ባለቤቴ ቀና ሳትል፣

"አንድ ነገር ልንገርህ?" አለችኝ።

"ንገሪኝ።"

"ሳያት ምንም አይሰማኝም። የሰው ልጅ አደራ የሰጡኝ ነው የሚመስለኝ። መቼ መጥተው እንደሚወስዷት እጠብቃለሁ።"

ረቡዕ ረቡዕ ለወንዶቹ የምዘረዝረውን ነገር ራሷ በአንደበቷ ነገረችኝ። ለዚህ መልስ እንዲሰጥ የሠለጠነ ሰው ቢፈለግ ከፊቷ ቆሟል። እኔ ግን ምን አልኳት?

"ይኼን ሁለተኛ እንዳትናገሪው! ስንቷ ልጅ አጥታ ስለት ትሳላለች። ኃጢአት ነው።"

"እሺ" አለች።

ሸሚዜን ቆልፌ ወጣሁ። መንገድ ላይ የተናገርኩት ትክክል ስለመሆኑ ለራሴ ሳስረዳ ጤና ጣቢያው ደረስኩ። እሷም ቃሏን ጠበቀች፤ ያን ነገር ደግማ አልተናገረችውም። ሌላውንም ነገር መናገር እየተወች መጣች።

በዚያው ሰሞን አንድ ገበሬ ሚስቱን ይዞ መጣ። ከቢቸና ወጣ ካለ ገጠር የሚኖር ወጣት ነው፤ ረቡዕ ከማስተምራቸው አንዱ ነበር። ሕፃኑን በጋቢው ሸፍኖ ያቀፈው እሱ ነው፣ ሚስቱ ባዶ እጇን ከጎኑ ትራመዳለች። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"ዶክተር፣ መሳቂያ አደረግኸኝ እኮ!" አለኝ እየሳቀ። "ጨርቅ ሳጥብ ወንዝ ላይ አዩኝና 'ሴት ሆነ' ብለው አወሩብኝ። ዶክተሩ ነው ያዘዘኝ አልኳቸው። እንደ ክኒን ነው የቆጠርኩት፣ ጠዋትና ማታ።"

ሚስቱ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ፊቷ ወዝ ነበረው።

"ያንተዋም በሰላም ተገላገለች አሉ፤ እንኳን ማርያም ማረቻት" አለኝ።

"አሜን።"

"እሷማ ታድላ! የሚያውቅ ባል ከቤቷ ተቀምጦላት።"

ደህና ናት ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። "እኔም እንዳንተው ጨርቅ ሳጥብ ነው የማመሸው" አልኩት። ጨምርበት ያለኝ ሰው አልነበረም። ገበሬው ትከሻዬን ስሞ ሄደ። ያን ዕለት ቤት ስገባ የጨርቁ ክምር በሩ አጠገብ ነበር፤ ተሻግሬው ገባሁ።

ልጃችን አርባ አምስት ቀን ሲሞላት የክትባት ቀኗ ደረሰ። ጠዋት ስወጣ ባለቤቴ "ዛሬ ክትባቷ ነው" አለችኝ፤ "ይዤያት እሄዳለሁ" እንድል የፈለገች ይመስለኛል። "እሺ፣ ነይ" አልኳት። ከቤታችን ጤና ጣቢያው ድረስ ዳገቱን ልጅቷን አዝላ በእግሯ መጣች።

የእናቶችና የሕፃናት ክፍላችን አንድ ትልቅ ክፍል ነው፤ መሀሉን መጋረጃ ይከፍለዋል። በአንዱ በኩል ሲስተር እናቶችን ታናግራለች፤ በሌላው በኩል መዝገብ የምንጽፍበት ጠረጴዛ አለ። እኔ መዝገብ ላይ ነበርኩ። የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ። ልነሣ ስል ሲስተር መጠየቅ ጀመረች፤ እናቶችን ሁሉ የምንጠይቃቸውን ነው፣ ጥያቄዎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

"እንቅልፍሽስ?"

"ደህና ነው።"

"ምግብ?"

"እበላለሁ።"

"ከስተሻል እኮ ልጄ። ቤት ውስጥ ማን ያግዝሻል?"

"ባለቤቴ።"

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ሲስተር ቀጥላ በለሰለሰ ድምፅ፣

"ምን ምን ያደርግልሻል?" አለቻት።

እኔም ተነሥቼ መጋረጃው አጠገብ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ ስታስብ፣ አንድ ነገር፣ ለወግ የሚሆን አንድ ነገር ስትፈልግልኝ ይሰማኛል። ሌላው ቢቀር ውሸት እንኳ አጣችልኝ። በመጨረሻ፣

"ይመጣል" አለች።

ይመጣል። ከሥራ ወደ ቤቱ ይመጣል ማለቷ ነው። ከዚያ ልቅሶዋን ሰማሁ። ድምፅ የሌለው፣ ትንፋሽ ብቻ የሆነ ልቅሶ ነው። መጋረጃውን ገልጦ መግባት አንድ እርምጃ ነበር። እኔ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሸሸሁ። ሲስተር እያባበለቻት፣ ልጅቷ መርፌ ተወግታ ስትጮህ፣ ባለቤቴ አዝላት ስትወጣ፣ እኔ መዝገቡን ይዤ ግድግዳው ሥር እንደቆምኩ ነበርኩ።

ከወጣች በኋላ ሲስተር መጋረጃውን ገልጣ አየችኝ። አልጮኸችብኝም።

"ወይ ወደ እናቷ ቤት ትሂድ፣ ወይ አንተ ወደ ቤትህ ግባ" አለችኝ። "እንዲህ ሆና ብቻዋን መዋል የለባትም። ይኼን ለአንተ መንገር ባላስፈለገኝ ነበር።"

ከሁለቱ የቀለለኝን መረጥኩ፤ ወደ እናቷ ቤት እንድትሄድ። ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ይዛ መንገድ አትወጣም ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እሷ ግን አላንገራገረችም። ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት። በዚያ ሰሞን መኪና እንደልብ አይገኝም ነበርና በደብረ ወርቅ አድርገው፣ መኪና እየቀያየሩ ሞጣ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ፈጀባቸው። እኔ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሥራ አለብኝ አልኩ። ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ያን ሳምንት ጠግቤ ተኛሁ።

ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ስደውል "ደህና ነን" ትለኛለች፣ "ደህና ሁኑ" እላታለሁ። የልጅቷ ክርስትና የሰማንያ ቀን ነውና ሳምንት ሲቀረው ሞጣ ሄድኩ።

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ገበያው ዳር ካለች ጠባብ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አውጥተው ይሠራሉ። ከመኪና ወርጄ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ስቃረብ ከሩቅ አየኋቸው። ሽማግሌው ልጄን በፎጣ ደረታቸው ላይ አስረው፣ በእግራቸው ፔዳሉን እየረገጡ ይሰፋሉ፤ በመኪናው ድምፅ ልጅቷ ተኝታለች። ባለቤቴ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ፀጉሯ ተሠርቷል። አባቷ አንድ ነገር አሏትና ከት ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ከወለደች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቆም ብዬ ማዳመጥ ፈለግሁ። ቀና ስትል አየችኝና ሳቋ ተቋረጠ። አልተቆጣችም፣ ፊቷንም አላጠቆረችም፤ ሳቋ ብቻ ጠፋ። ደህና መጣህ ብላ ተነሥታ ሰላም አለችኝ።

እሷ ምሳ ልታቀርብ ወደ ቤት ስትገባ ከአባቷ ጋር በረንዳው ላይ ቀረን። እናቷ ገና በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ የአራስ ቤቱን ሥራ የያዙት ሽማግሌው ነበሩ። ሱቁን ግማሽ ቀን እየዘጉ ጨርቅ አጠቡ፣ አጥሚት አፈሉ፣ ልጅ አስተኙ። ማንም አላስተማራቸውም።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አንተ የተማርክ ነህ" አሉኝ። "መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ፈርተን ነበር። ልጇን አታይም። ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ሚስቴ ዓይን ነው አለች፤ ጠበልም አስጠመቅናት። ይኼ ነገር በሽታ ነው? በእናንተ ዘንድ ስም አለው?"

"አለው አባባ" አልኳቸው፣ እንደ ረቡዕ ሁሉ አፌ ተፈታ። ከወሊድ በኋላ እንደሚመጣ፣ ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ ብቻዋን የቀረች ሴት ላይ እንደሚጠና፣ የባል እገዛ ምን ያህል እንደሚያቀለው፣ ሳይቆዩ ሐኪም ማማከር እንደሚያስፈልግ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። መርፌያቸውን አቁመው በጥሞና አዳመጡኝ። ስጨርስ፣

"ድሮም ታውቀው ነበር?" አሉኝ።

ተንኮል የለበትም። ሊያስጨንቁኝ ፈልገው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

"አዎ" አልኳቸው።

"እንዴ" አሉ ቀስ ብለው። የልጄን ራስ በእጃቸው ደግፈው ፔዳሉን መርገጥ ቀጠሉ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጓሮ ባለቤቴ ጨርቅ ታጥባለች። ላጥብልሽ አልኳት። "ተወው፣ አባባ ያጥበዋል" አለችኝ። መቆሙም መሄዱም ጨነቀኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና፣

"የክትባቱ ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ሰምቼሻለሁ" አልኳት።

እጇ ሳሙናው ላይ ቆመ።

"አውቃለሁ" አለች። "በመጋረጃው ሥር ጫማህ ይታይ ነበር።"

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ።

"ሲስተር ስትጠይቀኝ ያን ያህል ዝም ያልኩት ለምን ይመስልሃል? ጫማህን እያየሁ ነበር። አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል እያልኩ። ሲንቀሳቀስ መጣ አልኩ። ወደኋላ ነው የሄደው።"

አለቀስኩ። አላባበለችኝም፤ ልክም ነበረች። ጨርቁን ጨምቃ አሰጣች። የማልቀሱ ተራ የእኔ ስላልነበረ ዓይኔን ጠርጌ ተነሣሁ፣ ቀሪውን ጨርቅ ወሰድኩባት። በዚህ ጊዜ አልከለከለችኝም።

ለሥራ ኃላፊዬ ደውዬ የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁ። "የሰውን ተራ ስትለምን ከርመህ ዛሬ ምን ተገኘ?" አለኝ። "ባለቤቴ ታማለች" አልኩት። ወለደች ሳይሆን ታመመች ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ክርስትናውን አስነሥተን እዚያው ሞጣ ቆየሁ። በየሁለት ሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ትገባለች፤ እኔ ልጅቷን ይዤ ደጅ እጠብቃለሁ። ስንቱን ጨቅላ ተቀብዬ ለእናቱ ያስታቀፍኩ ሰው፣ የገዛ ልጄን ገላ ማጠብ የተማርኩት ከልብስ ሰፊ ነው። "አንገቷን እንዲህ፣ በክንድህ" ይሉኛል፤ ብሳሳትም አይስቁብኝም።

መዳኗ በአንድ ቀን አልሆነም። ቢቸና ከተመለስን በኋላም ጭልም የሚልባት ቀን ነበር። ግን አንድ ቀን አጥሚቱን አሳርሬው ጮኸችብኝ፤ እስኪበቃት ጮኸችብኝ፤ እስከዚያ የተጠራቀመውን ሁሉ አወጣችው። በሩ ክፍት ስለነበር ጎረቤት ሰማ። ዝም ካለችባቸው ቀናት ሁሉ ያቺ ቀን ትሻለኝ ነበር። ልጅቷን "ሆዴ" ብላ ስትጠራት የሰማኋትም በዚያው ሳምንት ነው።

ልጃችን አሁን አራት ዓመቷ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ማስተማሬን ለጥቂት ወራት ለሲስተር ትቼ ነበር፤ ቆይቼ ተመለስኩበት። የምናገረው ያንኑ ነው። አንድ ነገር ጨምሬአለሁ፦ "አንድ የማውቀው ባል ነበር" እላለሁ፤ ሁሉን ያውቅ እንደነበር፣ ሚስቱ ስትታመም ግን ቤቱን ሽሽት የሰው ተራ ይለምን እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ወንዶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። "ምን ዓይነት ሰው ነው!" ይላሉ። "እውነታችሁን ነው" እላለሁ። እኔ ነኝ ብዬ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ፊታቸውን እያየሁ አፌ ይያዛል። ለዚህ ነው እዚህ የምጽፈው፤ ወረቀት ፊት የለውም።

ባለፈው ረቡዕ አንድ ጎልማሳ ከኋላ እጁን አነሣና፣ "ዶክተር፣ ሚስትየዋ ይቅር አለችው?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፣ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ከሥራ ስገባ ባለቤቴ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ "ይቅር ብለሽኛል?" አልኳት። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ትንሽ አሰበች።

"አንዳንድ ቀን" አለችኝና ደብተሩን ገለጠች።